የስፌት መኪናውን ገዛንላት፤ ክፍሉንስ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ስለ ስፌት መኪና ነው፤ ይልቁንም መኪናው ስለሚቀመጥበት ቦታ።

በነፋስ መውጫ፣ በዓርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ዘመድ ልትጠይቁ ስትገቡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከግድግዳ ሥር የስፌት መኪና የቆመበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዱ በኒካሕ ጊዜ የመጣ ነው። ሌላው ሳዑዲ ያለች እህት በላከችው ብር የተገዛ ነው። ሌላው ደግሞ ጀመዓው አዋጥቶ ባሏ ለሞተባት እናት የሰጠው ነው። ግን ስንቱ ይሰፋል? ላዩ ላይ ዳንቴል ተነጥፎበታል፤ ዳንቴሉ ላይ ቴሌቪዥን ተቀምጦበታል። መርፌው ዝጓል፣ ቀበቶው ላልቷል። ባለ መኪናዋን "ለምን አትሰፊም?" ብላችሁ ብትጠይቋት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ "የት ሆኜ?" የሚል ነው።

እኔ ይህን መልስ ሰበብ ነው ብዬ አላልፈውም። እውነቷን ነው። ጨርቅ ለመዘርጋት አልጋውን ማንሣት አለባት። ቆርጣ ሳትጨርስ ምሳ ይደርሳል፣ ሁሉንም ትጠቀልላለች። ከሰዓት ስትመለስ ልጁ ጠመኔውን በልቶታል፣ መቀሱ ጠፍቷል። ደንበኛ ሲመጣ የሚቀመጥበትም፣ ልክ የምትለካበትም የለም። በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር ከሞከረች በኋላ መኪናውን ትሸፍነዋለች። ከዚያ እኛ "ሴቶቻችን ሥራ አይወዱም" እንላለን።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ በቤት ውስጥ ለሥራ ተለይቶ የተሰጠ ቦታ ከሌለ መኪና ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ቦታ መስጠት ደግሞ የባለ ሙያዋ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የወንድሟ፣ የባሏ፣ የአባቷና የጀመዓው ግዴታ ነው።

መጅሊሱና ጥጉ

እስኪ ቤታችንን በሐቅ እንየው። አንድ ወጣት ቤት ሲያቆም መጀመሪያ የሚያስበው ሳሎን ነው። መጅሊስ ይገባል፣ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ለመስኮት የተሻለው፣ ለመንገድ የቀረበው፣ ብርሃን የሚገባበት ክፍል ለእንግዳ ይሰጣል። እንግዳ ማክበር ዲናችንም ባህላችንም ነው፤ ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ያ ክፍል በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? ሁለቱ ዒዶች፣ አንድ መውሊድ ወይም ሰደቃ፣ አንድ ለቅሶ። በቀሩት ቀናት ተዘግቶ ይውላል። ቤቱን ልትደጉም የምትችለው እህት ግን ጓዳ ውስጥ ጭስ እየጠጣች በጨለማ መርፌ ታስገባለች።

ክፍሉን ለእንግዳ አንንፈግ። ግን ከሳምንቱ ሰባት ቀን አምስቱን ሥራ ቢዋልበት፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቢጸዳ ምን ይጎዳናል? ሥራ የሚሠራበት ቤት የሚያሳፍረው እንግዳ ካለ፣ እንግድነቱ ራሱ ይጠየቅ።

አያቶቻችን ጉድጓድ ቆፍረው ነበር

ይህ አዲስ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። በጎንደርና በአካባቢው በቀድሞው ሥርዓት ሙስሊሞች በአብዛኛው የርስት መሬት አልነበራቸውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት እስኪያፈርሰው ድረስ ብዙው ሙስሊም የኖረው በንግድና በእጅ ሙያ ነው። ከእጅ ሙያዎቹ ዋነኛው ሽመና ነበር። እናቶች ጥጡን ይዳምጡ፣ ባዘቶ ያደርጉና በእንዝርት ይፈትሉ ነበር፤ አባቶች ይሸምኑ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚለብሱት ነጭ ሸማ ብዙ ጊዜ ከሙስሊም ሸማኔ እጅ የወጣ ነበር።

አሁን የሽመናውን ዕቃ አስቡት። ባህላዊው ሽመና ጉድጓድ ይፈልጋል። ሸማኔው በጉድጓዱ ጠርዝ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድና መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ድሩ ረጅም ስለሆነ ፊት ለፊቱ ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ክሩን ለይቶ ለማየት ብርሃን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዕቃው የሚተከለው ብርሃን ካለበት፣ ከበር አጠገብ ወይም ከዳስ ሥር ነው። ጉድጓድ የተቆፈረበት ቦታ ላይ አልጋ አይዘረጋም፤ ጤፍ አይከመርም። ቦታው የሥራ መሆኑን መሬቱ ራሱ ይናገራል። ሕፃኑም ያውቀዋል፣ እንግዳውም ያውቀዋል።

አያቶቻችን ድሆች ነበሩ፤ ቤታቸውም ጠባብ ነበር። ያም ሆኖ ለሙያቸው ከቤታቸው መሬት ቆርሰው ሰጡት። እኛ ሳሎን ያለን ልጆቻቸው አንድ ጥግ መስጠት አቅቶን መኪናውን ከቦታ ቦታ እናንከራትተዋለን።

እዚህ ላይ የውርደቱን ታሪክም ማንሣት ይገባል። ሸማኔ ይሰደብ ነበር። ባለ እጅ ሁሉ በሙያው ይናቅ ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ስለከፋ ነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢቀንሰውም ከልባችን ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ዛሬም ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት ስትቀመጥ "ልብስ ሰፊ" ከምትባል ሥራ ፈትታ ብትቀመጥ የሚመርጥ ቤተሰብ አለ። መኪናው ላይ ዳንቴል የምናለብሰው ምናልባት ለዚህም ይሆናል። ዕቃው ሀብት እንዲመስል እንፈልጋለን፤ ሥራው እንዲታይ ግን አንፈልግም።

የምእመናን እናት እጅ

በዲናችን የእጅ ሥራ ምን ቦታ እንዳለው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጫማቸውንና ልብሳቸውን ራሳቸው ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። የነቢዩ ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ደግሞ ባለ ሙያ ነበረች። ቆዳ ታለፋለች፣ ትሰፋለች፤ ያገኘችውን ለድሆች ትሰጣለች። ከነቢዩ ባለቤቶች ከእርሳቸው በኋላ መጀመሪያ ወደ አኺራ የሄደችው እርሷ ናት፤ "እጀ ረጅም" የተባለችውም በዚሁ በሰደቃዋ ነው።

የነቢዩን ቤት ጥበት ደግሞ ሁላችንም በሲራ ተምረናል። የባለቤቶቻቸው ክፍሎች ትንንሽ ጎጆዎች ነበሩ። ከቆዳ ሥራ ጋር የሚመጣውን ውኃ፣ ሽታና ቁርጥራጭ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ጥበት ሙያ ከሠራች እናት በኋላ "ቤቴ ጠባብ ነው" የሚለው ምክንያታችን ቀለል ይላል።

እንዴት ይደራጅ?

ወሬው እንዳይበዛ ወደ ተግባሩ ልግባ። ሙያው ካላቸው ሰዎች ሥራ ያየሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

1ኛ፣ ቦታው። ከተቻለ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢው በር የቀረበ ክፍል ይሁን። ደንበኛ የቤተሰቡን ጓዳ ሳያቋርጥ ይገባል፣ ይወጣል፤ የቤቱም ሐያእ ይጠበቃል። በኪራይ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ ይበቃል። መጋረጃ ጋርዱበት። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ፣ ወዲህ ሥራ። ስለ መኪናው ድምፅ አከራዩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

2ኛ፣ ብርሃን። በቀኝ እጇ የምትሠራ ሰው መስኮቱ በግራዋ ቢሆን የእጇ ጥላ መርፌው ላይ አያርፍም። ግድግዳውን ነጭ ኖራ መቀባት ትንሽ ወጪ ነው፤ ክፍሉን ግን በጣም ያበራዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም መጀመሪያ የሚገዛው መኪና በእግር የሚመታው ይሁን። በኤሌክትሪክ የሚሠራውና ኦቨርሎኩ ሥራው ራሱ ገንዘብ ሲያመጣ ይደርሳል።

3ኛ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ። መሬት ላይ ተንበርክኮ መቁረጥ ወገብ ይጎዳል፤ በእበት የተለቀለቀ ወለል ደግሞ ነጭ ጨርቅ ያበላሻል። አሮጌ በር በሁለት ቋሚ ላይ ቢጋደም ጠረጴዛ ነው። ቁመቱ ወገብ አካባቢ፣ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቆሞ ለመቁረጥ ይመቻል። ከሥሩ ካርቶንና ጨርቅ ይቀመጥበታል።

4ኛ፣ እሳት። እባካችሁ ይህችን አትለፏት። የከሰል ካውያ ሁልጊዜ ውጭ ይቀጣጠል። እንደ ነፋስ መውጫ ባለ ብርድ አገር በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ይዞ መቀመጥ ገዳይ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ አየር ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሲመጣ ሰው እንቅልፍ ይመስለዋል። በተኮሳችሁ ጊዜ ሁሉ መስኮቱ ክፍት ይሁን።

5ኛ፣ መርፌና መቀስ። ሕፃን ባለበት ቤት መርፌ የሚቀመጠው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ወለል ላይ የወደቀውን ይለቅማል። የመኪና መርፌም ቁጥር አለው፦ ለስስ ጨርቅ 11፣ ለመካከለኛ 14፣ ለጂንስና ለወፍራም 16። ጨርቁን የሚቦጫጭረው ብዙ ጊዜ የደነዘዘ መርፌ ነውና ሳይሰበር በፊት መቀየር ይሻላል። የልብስ መቀስ ወረቀት አይቆርጥበትም።

6ኛ፣ ማከማቻ። ክረምት ላይ እርጥበት ጨርቁን ያሻግተዋል፤ የሱፍ ልብስን ደግሞ ብል ይበላዋል። ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ወይም ሳጥን ይኑር። የደንበኛ ልብስና የቤተሰብ ልብስ አይቀላቀል።

7ኛ፣ መለኪያ ጥግ። መጋረጃና መስታወት። ብዙ እህቶቻችን ጂልባብና ቀሚስ ሲያሰፉ ወንድ እንዲለካቸው አይፈልጉም፤ አማራጭ ሲያጡ ግን ይቸገራሉ። ሴት ለሴት የምትለካበት ቤት በየከተማው ቢኖር ለደንበኛዋ እፎይታ፣ ለሰፊዋ ገበያ ነው።

ስፌት ስል መኪናን ብቻ አይደለም። ኪሮሽና ዳንቴል፣ የኮፊያ ሥራ፣ ጥልፍ፣ የሰፌድና የሌማት ስፌት ሁሉም በዚሁ ጥግ ይስተናገዳሉ። ለአክርማውና ለስንደዶው አንድ ቅርጫት፣ ለክሩ አንድ ሳጥን ይበቃል።

ክፍሉ ሥርዓት ከሌለው

ክፍል ያለ ሥርዓት መጋዘን ነው። መጀመሪያ ሰዓት ይኑር። "ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት እሠራለሁ" ከተባለ በዚያ ሰዓት እህታችንን "ቡና አፍዪ" ብሎ መጥራት ይቁም። ወንድሟ ሱቅ ተቀምጦ ሲነግድ ማንም ተነሥና ውኃ ቅዳ አይለውም። የእርሷስ ሥራ ለምን ይቆራረጣል?

ቀጥሎ ደብተር ይኑር። የደንበኛው ስም፣ ልክ፣ ቀብድ፣ ቀሪ ሒሳብ፣ የሚወስድበት ቀን። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አያ፣ በሱረቱል በቀራህ ያለችው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኗን እናስታውስ። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ በከተማችን መቀለጃ ሆኗል፤ ይህ የሙያው ጸባይ ሳይሆን የሒሳብ ጉድለት ነው። በቀን 6 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን የምትሠራ ሰው 30 ሰዓት አላት። አንድ ዩኒፎርም 3 ሰዓት ከፈጀባት በሳምንት 10 ነው የምትጨርሰው። መስከረም ሲጠባ ሃያ ተቀብላ "ለሰኞ ይደርሳል" ካለች ቃሏን ያጠፈችው ያኔውኑ ነው።

ሦስተኛው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈው የደንበኛው ነው፤ አማና ነው። ይመለስለት፤ ወይም ይጠየቅና ይፍቀድ። በዚህ ነገር ታማኝ የሆነች ሰፊ ማስታወቂያ አያስፈልጋትም፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ራሱ ይነግርላታል።

"ገበያ የለም" ለሚሉ

ሰልባጅ ገበያውን ሞልቶታል፣ የተዘጋጀ ልብስም ይገባል የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት አላቸው። አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ዓይነት ቀሚስ የሚሰፉ ሃያ ሰፊዎችን አትችልም። ስለዚህ ሁሉም አንድ ሥራ አይያዝ። ሰልባጁ ራሱ ይጠባል፣ ያጥራል፣ ዚፕ ይቀየርለታል፤ ይህ ከአዲስ ልብስ ይልቅ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣ ሥራ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለ። ከረመዷን በፊት ጂልባብና የሶላት ልብስ አለ። ጥር ላይ ሰርግ አለ። የፍራሽና የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የመጅሊስ ጨርቅ አለ። ያን ሁሉ ከወረታ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ከሌላ ከተማ የምናስመጣው እዚሁ የሚሰፋበት ቦታ ስላላዘጋጀን ጭምር ነው።

ሌሎች ደግሞ "ዓረብ አገር በወር የሚገኘውን ይህ መቼ ያመጣል?" ይላሉ። የሄዱትን እህቶቻችንን አልወቅስም፤ በላኩት ብር ስንት ቤት ቆሟል፣ ስንት ልጅ ተምሯል። ላይና ታች ጋይንትም ስማዳም በሴፍቲኔት የሚረዳ ሰው የበዛባቸው ወረዳዎች መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ችግሩ የቅንጦት አይደለም። እኔ የምጠይቀው ስለምትመለሰው ነው። ዓመታት ለፍታ ስትመለስ ምን ይጠብቃታል? ባጠራቀመችው መኪና ብትገዛ የምታስቀምጥበት ጥግ ከሌለ ብሯ ሲያልቅ እንደገና ፓስፖርቷን ታወጣለች። ለመሄድ ያሰበችውም ብትሆን እዚሁ አንድ ዓመት የሠራችበት ክፍል ካላት የምትመርጠው ነገር አላት። ዛሬ ግን ምርጫ አለሽ የምንላት በባዶ ነው።

ለወንድሞችና ለጀመዓው

ወንድሜ ሆይ! ሚስትህ ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የራሷ ነው። ይህ በፊቅህ ግልጽ ነው። የቤቱ ነፈቃ ያንተ ግዴታ ነው፤ እርሷ ብትደግፍህ ኢሕሳን ነው፣ አጅርም አለው። ክፍል ሰጥቶ ገቢዋን የሚቆጣጠር ሰው ክፍል አልሰጠም፤ ሠራተኛ ቀጠረ እንጂ። እህትህም ስታገባ መኪናዋን ይዛ ትሄዳለች። "ቤታችን ነው የተገዛው" ተብሎ አይያዝባት።

ጀመዓውን ደግሞ ይህን እለዋለሁ። መኪና አስረክበን፣ ፎቶ ተነሥተን የምንለያይበት ልማድ ይቅር። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለሞች፣ ኢማም ነወዊን ጨምሮ፣ ለድሃ ባለ ሙያ ከዘካ የሙያውን መሣሪያ መግዣ እንደሚሰጠው ጽፈዋል። ዓላማው ሰውየው በሙያው ራሱን እንዲችል ነው። መሣሪያው ያለ ቦታ ካልሠራ ዓላማው ግቡን አልመታም። ስለዚህ ለአንዲት እናት መኪና ስንሰጥ ሄደን ቤቷን እንይ። ከመኪናው ጋር ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ መጋረጃውን፣ የመጀመሪያውን ክርና ጨርቅ እንስጥ። ቤቷ የማይሆን ከሆነ ሦስት እህቶች በጋራ አንድ ክፍል ተከራይተው የስድስት ወር ኪራዩን ከሰደቃ እንሸፍን። አሥር መኪና ሰጥተን አሥሩም ከሚሸፈኑ፣ አራት ሰጥተን አራቱም ቢሰፉ ይበልጣል። ከስድስት ወር በኋላም ተመልሰን እንጠይቅ።

በራሳችሁ አቅም መጀመር ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ወለድ ውስጥ መግባት አይጠበቅባችሁም። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ነግሯችሁ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ዋስትናውን፣ የመክፈያውን ጊዜና ጠቅላላ ዋጋውን ጠይቁ፤ ውሉን ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ። በአካባቢያችሁ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ካለ የስፌት ሥልጠናውን ውሰዱ፤ ከለመደ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ስድስት ወር መማርም ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

በመጨረሻም፣ ይህን ያነበባችሁ ወጣቶች በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በቤታችሁ የተሸፈነ መኪና ካለ ቴሌቪዥኑን አንሱለት። ዘይት አጠጡት፣ መርፌውን ቀይሩ። ከዚያ እናታችሁን ወይም እህታችሁን "የቱ ጋ ይሁንልሽ?" ብላችሁ ጠይቋት። የመረጠችው ቦታ መጅሊሱ ያለበት ቢሆንም እንኳ አትከራከሯት፤ መጅሊሱን ግፉት።

አላህ በእጆቻችን ሥራ ባረካ ያድርግልን፤ ሪዝቃችንን ሐላልና ሰፊ ያድርግልን፤ በሰው አገር ያሉትን እህቶቻችንን በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።